የግራ ኩላሊቴ ጉዳይ

ሁዳዴ እኩሌታው ላይ ደርሶ ሳለ የወንድሜ ሚስት ብሩክታዊት ሦስት እንቁላል ጠብሳ፣ ከጎኑ የተቀቀለ ዶሮ ደርድራ፣ እራት ብላ ለእኔ ብቻ አቀረበችልኝ። እሷ ሽሮ ትበላለች። ወንድሜ ታዴዎስ ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ወዲህ ሐኪም ያዘዘለትን ጨው አልባ ሩዝ በሹካ ይቆነጥራል። እኔ ፊት ዶሮ። ምነው ብላት፣ «ምርመራው ነዋ የሚፈልገው፣ እትዬ፤ ዛሬ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ስኳር የሚባል አይነካም፤ ሥጋና እንቁላል ብቻ። ነገ ጠዋት ደግሞ ከውኃ በቀር ምንም። ደምሽ እንዲጠራ ነው» አለችኝ። ደም በዶሮ ሲጠራ በሃምሳ አንድ ዓመቴ ሰምቼ አላውቅም። ታዴዎስን አየሁት፤ ሩዙ ላይ አቀርቅሮ ቀረ። የንስሐ አባቴ አባ ታመነ ሥራዬን አይተው ጠዋት ጠዋት ቀማምሼ እንድወጣ ፈቅደውልኝ ነበር፤ ጥሉላት ግን ነፍስ ካወቅሁ ወዲህ በሁዳዴ አፌ ገብቶ አያውቅም። ብሩክታዊት ጀርባዋን ስትሰጥ እንቁላሉንም ዶሮውንም በሶፍት ጠቅልዬ ጋቢዬ ውስጥ ከተትኩት። ሊነጋጋ ሲል ሆዴ አላስተኛ ቢለኝ፣ ከአዲስ አበባ ያመጣሁትን በሶ በማር በጥብጬ አንድ ትልቅ ኩባያ በቁሜ ጠጣሁ። የጾም ነው፣ ገብስና ማር ነው፣ ማንን ይጎዳል ብዬ።

ናይሮቢ የመጣሁት ለታዴዎስ ኩላሊቴን ልሰጥ ነው። ከእናታችን ልጆች የቀረነው እኔና እሱ ነን፤ ደማችን ገጠመ፤ አለቀ። ማንም አልለመነኝም፤ በስልክ ሲያለቅስ ሰማሁና ሻንጣዬን ሸከፍኩ። እሱ ጊጊሪ በሚባል ሰፈር አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ይሠራል፤ ቤቱም ከዚያው ብዙ አይርቅም። ግቢው ሣር ነው፤ በሩ ላይ አስካሪ የሚሉት ዘበኛ ቆሞ ለገባውም ለወጣውም ሰላምታ ይሰጣል። መስኮቱ ወደ አትክልቱ የሚያየውን ክፍል ለቀቁልኝ። ሸክም እንዳታነሺ፣ ብርድ እንዳይመታሽ፣ ደረጃውን ቀስ እያልሽ። ዘመዶቼ መካከል እንዲህ የተከበርኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም፤ ደስም ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ሥራ እስክለቅ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበርኩ። ሥራው ያስተማረኝ አንድ ነገር ቢኖር፣ ትኬት ያልቆረጠ ተሳፋሪ ወደሱ በቀረብሽ ቁጥር በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ይጀምራል። ከጥምቀት በኋላ ታዴዎስ በመስኮት የሚያይ ሰው ሆኖ ነበር። እኔ ግን አካሌን ስለምሰጠው አፍሮ ነው ብዬ አዘንኩለት።

ጠዋት ብሩክታዊት እየነዳች ሆስፒታሉ ወዳለበት ወደ ፓርክላንድስ ወሰደችኝ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር መንገዱ ጭቃ ነው፤ ማታቱ የሚሏቸው ታክሲዎች ዘፈናቸውን ለቀው በእግረኛው መንገድ ሳይቀር ይጋፋሉ። እሷ አንዴ መሪውን አንዴ የእኔን ጉልበት እየነካች፣ ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ስለ ቲማቲም መወደድ፣ ለፋሲካ በግ ከየት እንደሚሻል አወራችልኝ። ለእኔ የምትናገረውን አጥታ እንደምታወራ ቢገባኝም ምክንያቱ አልገባኝም። ሆስፒታሉ ደረስን፤ በሦስተኛው ፎቅ ከባድ በር ባለው ክፍል በኩል ስሜ ተጠራ። ብሩክታዊት ተከትላኝ ልትገባ ስትል በሩ ላይ ያለው ሰውዬ እጁን ዘረጋ። ምን እንደተባባሉ የገባኝ ኋላ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ታማሚው ብቻ ነው፣ ውስጥ ጨረር አለ አላት። አስተርጓሚዋ ነኝ አለች። ውስጥ አማርኛ የምትችል ነርስ አለችን አላት። ያኔ ፊቷ ልውጥ አለ። እንዲህ ያለ ፊት ተቆጣጣሪ ድንገት ሲሳፈር አይቻለሁ።

ነርሷ ሐሊና ትባላለች፤ ቀጭን ልጅ፣ ፀጉሯን ጥብቅ አድርጋ የተሠራች። ናይሮቢ ተወልዳ እዚሁ አደገች፤ አማርኛዋ ይሄድና ይቆማል፣ ከዚያ በሌላ ቋንቋ ይቀጥላል። አንቱታ የሚባል ነገር አታውቅም፤ ደግ ፊት ስላላት አልከፋኝም። ጣቴን ወጋ አድርጋ ደም ወሰደችና ትንሿን መለኪያ አይታ ግንባሯን ቋጠረች።

«ሹገርሽ ሃይ ነው። ብሬክፋስት በልተሻል እንዴ?»

«አልበላሁም። በሶ ነው የጠጣሁት።»

«በሶ ምንድን ነው?»

«የተቆላ የገብስ ዱቄት ነው፤ በማር ተበጥብጦ።»

መጀመሪያ ሳቋ መጣ፤ ከዚያ አቃሰተች። «ማር እኮ ፒውር ሹገር ነው፣ ማሚ። ማንም አላስረዳሽም? ሊሰን። እኛ ጨረር የታሰረበት ትንሽ ስኳር በደም ሥርሽ እንሰጥሻለን። ከዚያ ማሽኑ ሁለት ዓይነት ፎቶ ያነሣል። አንዱ ቅርጹን ነው፣ የት ጋ ምን እንዳለ። ሌላው ደግሞ ስኳሩን ማን እየበላው እንደሆነ። ሁለቱን አንዱን ባንዱ ላይ እናስቀምጣለን። መጥፎ እጢ ብዙ ጊዜ ስኳር ይወዳል፣ ፎቶው ላይ ያበራል። አንቺ ማር ጠጥተሽ ከመጣሽ ግን የኛ ስኳር ሌላ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ፎቶው ይዋሻል።»

«የማን እጢ?» አልኳት።

ጓንቷን ልታወልቅ የጀመረው እጇ ባለበት ቀረ። «ያንቺ» አለችኝ። «ሌፍት ኪድኒሽ ላይ ያለው። ዶክተሩ ነግሮሽ አይደለም የመጣሽው?»

ዶክተሩ ነግሮኛል። ይኼው ነው የሚያንገበግበኝ። በጥር ወር መጨረሻ ቢሮው ውስጥ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ ቀስ ብሎ፣ ለኔ ብሎ ነገረኝ። ወረቀት ላይ ኩላሊት ሣለ፤ በላዩ ላይ ትንሽ ክብ አደረገ፤ ከዚያ በብዕሩ ወደ ግራ ጎኔ አመለከተ። ብሩክታዊት ከጎኔ ሆና፣ «የሚቆርጡበትን ቦታ እያሳየሽ ነው፤ ሁሉ ነገርሽ ጤና ነው፤ አንድ ምርመራ ብቻ ነው የቀረው ይልሻል» አለችኝ። ሰውየው ብዕሩን አስቀምጦ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። የማውቃት እንግሊዝኛ አንዲት ናትና ፈገግ ብዬ «ቴንኪው» አልኩት። ግራ ገብቶት እንዳየኝ አሁን ትዝ ይለኛል። እጢ አለብሽ ሲለኝ ነው ሳቄን ያሳየሁት። ያን ዕለት ቢሮውን ስንወጣ ብሩክታዊት ክንዴን ይዛ ነበር፤ እንዳልወድቅ ይሁን እንዳልሸሽ፣ እሷ ታውቃለች።

ይህን ሁሉ ለሐሊና ነገርኳት። ማን እንዳስተረጎመልኝ ስትጠይቀኝ በር ላይ ያለችው ናት አልኳት። «ፖሌ ሳና» አለችኝ፤ በዚህ አገር ሰው ሲያዝንልሽ የሚላት ናት። ከዚያ ሥራዋን ሠራች። ውኃ ብቻ እየጠጣሁ፣ ሳልራመድና ሳልደክም ከሰዓት በኋላ እንድመለስ፣ ጨረር ያለበት ስኳር ሁለተኛው ጭነት ሲደርስ እንደሚያስገቡኝ ነገረችኝ። በሩ ጋ ደርሼ መለስ ብዬ፣ «ይገድላል?» አልኳት። ምስሉን ገና ማንም ስላላየው አይታወቅም አለችኝ። ከናይሮቢ ሰው ሁሉ እውነት የነገረችኝ እሷ ብቻ ናት ብዬ አሰብኩ።

ብሩክታዊት ስኳሬ ከፍ ማለቱን ስትሰማ መጀመሪያ ደነገጠች፤ የበሶውን ነገር ስነግራት ተቆጣች። «ምን ሆነሽ ነው፣ እትዬ? ለዚህ ቀጠሮ ስንት ተለፍቶ» አለችና የቀረውን ዋጠችው። ካፍቴሪያ ወርደን ተቀመጥን። ለራሷ ሻይ አዘዘች፤ እዚህ አገር ሻይ ከነወተቱ ፈልቶ ነው የሚመጣው፤ ጾሙ ትዝ ሲላት ወደ ጎን ገፋችው። ሦስት መቶ ሽልንግ የተከፈለበት ሻይ ሲቀዘቅዝ ሁለታችንም አየነው። በአጠገባችን አንድ የሕንድ ቤተሰብ ከምሳ ዕቃ ምሳውን አውጥቶ ለሽማግሌ አባቱ ያጎርሳል። ዕድል ልስጣት አልኩ። ምርመራው የምን እንደሆነ እንደገና እንድታስረዳኝ ጠየቅኋት። «የመጨረሻ ማረጋገጫ ነው የኔ እናት፤ ኩላሊትሽ ጠንካራ መሆኑን ለማየት» አለችኝ። ነጠላዬ ላይ የተጣበቀ ክር አየችና በጣቷ አነሣችልኝ። ቀስ ብላ፣ በፍቅር አነሣችልኝ። ጥላኝ ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ። ሴትዮዋ ትወደኛለች፤ እየወደደችኝ ነው ያደረገችው።

የመኪና ማቆሚያ ልትከፍል ስትነሣ ለታዴዎስ ደወልኩለት። አያነሣም ብዬ ስፈራ በመጀመሪያው ጥሪ አነሣ። «አለቀ?» አለኝ። አላለቀም፤ እጢው ምን ያህል ነው አልኩት። ስልኩ ውስጥ የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ ያ ድምፅ ጠፋ።  

«ትንሽ ናት፣ እትዬ። ሁለት ሴንቲ አትሞላም። እንዳትደነግጪ ብለን ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

«ከዚያ ከቢሮው ቀን። ብሩክታዊት ነገረችኝ። እኔ ልነግርሽ ነበር፣ እግዜር ያውቃል፣ ግን ዶክተሩ ተስፋ አለ አለ። ምርመራው ክፉ አይደለም ካለ፣ እሷን ነገር ቆርጠው ካወጧት፣ ኩላሊቱ ላይ ምንም የለም፤ ይሠራል። ውጭ አገር ብዙ ቦታ ያደርጉታል። አንብቤዋለሁ።»

እሱ ያጽናናኝ መስሎታል። ወንድሜ አንብቧል። እኔ አትክልት በሚያይ መስኮት ሥር ተኝቼ ስለ እሱ ስጸልይ፣ እሱ ከግድግዳው ማዶ ኮምፒውተሩን ከፍቶ፣ እጢ ያለበት ኩላሊት እንዴት ለሌላ ሰው እንደሚሆን እያነበበ ነበር። እጢ ያለባት እህት ምን እንደምትሆን የጻፈ ሰው አላገኘም መሰለኝ። በእኛ ዘንድ በሽተኛ ክፉ በሽታው በስሙ አይነገረውም፤ ጨጓራ ነው ይባላል፣ ብርድ ነው ይባላል፤ ዘመድ ከሐኪሙ ጋር በር ዘግቶ ይነጋገርና እንባውን ጠርጎ ፊቱን አሳምሮ ይወጣል። ይህን አውቃለሁ፤ ደግነት ነው፤ ማንም ቂም አይዝበትም። ለዚያ በሽተኛ የሚደበቀው ግን ሳይጨነቅ እንዲሰነብት ነው። ከእኔ የተደበቀው ሻንጣዬን ይዤ እንዳልሄድ ነው። በአገራችን ደግነት ተሸፍነው ሰረቁኝ። ስልኩን ዘጋሁት።

ከሰዓት በኋላ ሐሊና ስኳሬ መውረዱን አይታ መርፌውን ሰጠችኝና መብራቱ ደብዘዝ ባለ ትንሽ ክፍል አስተኛችኝ። አትናገሪ፣ ስልክ አትንኪ፣ አትንቀሳቀሺ፤ የሚሠራ ጡንቻ ስኳሩን ይሰርቃል አለችኝ። ሰው ሲናደድ ዝም ብሎ እንዲተኛ ማዘዝ ቀላል ነው። ብርድ ልብስ እስከ አገጬ ስባ ሸፈነችኝ፤ ቀዝቃዛው መድኃኒት በክንዴ ሲሄድ ይታወቀኛል። አሰብኩ። በዚያው በጥር ቀን ታዴዎስ ከጎኔ ተቀምጦ፣ እትዬ እንዲህ ያለ ነገር ተገኘብሽ፣ ምን እናድርግ ቢለኝ ኖሮ፣ አብረን አልቅሰን፣ አብረን ተመርምረን፣ ክፉ ካልሆነ ውሰደው እለው ነበር። ይህን ስለራሴ አውቃለሁ። እነሱ ግን ይህን ስለኔ አላወቁም። ለካ ስጦታዬን አላመኑትም ነበር፤ ሻንጣዬን ሸክፌ ከመጣሁ ጀምሮ ትሸሻለች ብለው በር በር ሲጠብቁኝ ነው የከረሙት። ያኔ ማልቀስ ጀመርኩ። ማልቀስ ጡንቻ ያሠራ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ከዚያ ሽንቴን ሸንቼ ማሽኑ ውስጥ ገባሁ። ሰፊ ቀለበት ነው፤ አልጋው ቀስ እያለ ያስገባሻል፣ ያቆምሻል፣ ደግሞ ያስገባሻል። ስወጣ ሐሊና የኩላሊት ሐኪሙ ዛሬ ክሊኒክ ውስጥ እንዳለ፣ የውጤቱ ጽሑፍ ነገ ቢወጣም ምስሉን ከራዲዮሎጂስቱ ጋር አይተውት ሊያነጋግረኝ እንደሚፈልግ ነገረችኝ። «ማን ትራንስሌት ያድርግልሽ?» አለችኝ። አንቺ አልኳት፤ ውጭ ያለችው እንዳትገባ።

ሐኪሙ ያው በጥር ኩላሊት የሣለልኝ ሰው ነው። ይቅርታ ጠየቀኝ፤ የዘመድ ማስተርጎም አምኜ መቀጠል አልነበረብኝም አለ። ምስሉን ወደ እኔ አዞረው። ግራጫ ሆኖ የተቆረጠ ገላዬ ላይ እንደ ፍም የቀላ ቀለም እዚህም እዚያም አለ፤ አንጎሌ ይበራል፣ ፊኛዬ ይበራል። በግራ ኩላሊቴ ጠርዝ ላይ ያለችው ክብ ግን ደብዛዛ ናት። ስኳሩን አልሰበሰበችም፤ በቀረው ገላዬም የተዘራ ነገር አይታይም። ሐኪሙ ግን ቶሎ ደስ እንዳይለኝ አስጠነቀቀኝ። ኩላሊት ስኳሩን በሽንት ስለሚያስወጣ ይህ ምርመራ እዚያ ቦታ ሁልጊዜ አይጠራም፤ ሙሉ እርግጡ እጢዋ ተቆርጣ ወጥታ ስትመረመር ነው። እጢዋን ብቻ አውጥቶ ኩላሊቱን እኔው ውስጥ መተው ይቻላል። እንደዚያው፣ ውጤቱ ጥሩ ከሆነ፣ ተጠግኖ ለወንድሜ ሊሰጥም ይችላል፤ ወንድሜ ይህን ደጋግሞ ጠይቆታል። ከዚያ ወደ ፊት ጠጋ ብሎ የተናገረውን ሐሊና በራሷ አማርኛ አመጣችልኝ። «ውሳኔው ያንቺ ብቻ ነው። ሐሳብሽን ከቀየርሽ፣ እኛ ለፋሚሊው ‹አይሆንም› ብቻ ነው የምንለው። ለምን እንደሆነ ለማንም አንናገርም። ቤት ውስጥ ጠብ እንዳይሆንብሽ። ለሁሉም ዶነር እንደዚህ ነው የምናደርገው።»

ደግ ውሸት ነበረች። ተጠቅልላ፣ በሐኪም ተፈርማ እንደተሰጠችኝ ሁሉ ይዣት ወጣሁ። አይሆንም አሉ ብል ታዴዎስ እጄን ይዞ ያለቅሳል፣ ብሩክታዊት ሾርባ ትሠራልኛለች፣ እኔ እጢዋን አስወጥቼ በክብር አገሬ እገባለሁ፤ ሞት እንኳን ቢመጣ ማንም በማንም አይከፋም። መኪናው ውስጥ ስንገባ ብሩክታዊት ሁሉን ማወቄን ከታዴዎስ ሰምታ ነበርና ዓይኗ አብጧል። መንገዱን ሙሉ ለመናገር አፏን ትከፍትና ትተወዋለች። ጊጊሪ ሲቃረብ፣ «ባሌ እኮ ነው፣ እትዬ» አለች። እኔ ደግሞ ማን ነኝ አልኳት።  ጡሩንባ የሚነፋብን ማታቱ እስኪያልፍ ድረስ ቆማ ጠበቀች፤ ከዚያ በቀስታ ወደ ግቢው አስገባችን።

ታዴዎስ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀናል። መብራት አልበራም፤ ዝናቡ ተመልሶ መጥቶ መስኮቱን ያጥበዋል። የኩላሊት እጥበት የሚያደርጉለት ክንዱ፣ መርፌው ደጋግሞ የሚገባበት ሥሩ እንደ ገመድ አብጦ፣ ጉልበቱ ላይ ተዘርግቷል። ከስቷል። በዚህ ዕድሜው የአባታችንን አንገት አውጥቷል። ስገባ ሊነሣ ሞከረና ተወው። አሳዘነኝ፤ ይህንንም ልናገረው ይገባኛል። ያዘጋጀሁትን ውሸት ላወጣት አፌ ላይ ደርሳ ነበር።

«ይሆናል?» አለኝ።

ደኅና ነሽ ወይ አላለኝም። ምን ተገኘብሽ አላለኝም። ጠበቅሁት፤ ሌላ ጥያቄ ከኋላው ይመጣ እንደሆን ብዬ ነጠላዬን አወለቅሁ፣ አጣጠፍኩ፣ ወንበር ላይ አስቀመጥኩ። አልመጣም።

«ይሆናል ብለዋል» አልኩት። «ክፉ አይመስልም። እሷን ቆርጠው አውጥተው ሲመረምሯት ጥሩ ከሆነች፣ ላንተ ይሆናል።»

ዓይኑን ጨፍኖ «ተመስገን» አለ። ብሩክታዊት ከኋላዬ በሩን እንደያዘች እልል ማለት ቃጥቷት እንባ አቋረጣት። እኔ ቆሜያለሁ። ዓይኑን ከፍቶ እስኪያየኝ ድረስ መናገር አልፈለግሁም። ከፈተው፤ ከጥምቀት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን በደስታ አየኝ።

«ሐኪሞቹ አይሆንም ብለው ሊሸፍኑልኝ ነበር፤ አይሆንም የምልህ ግን እኔው ራሴ ነኝ» አልኩት። «አልሰጥህም፣ ታዴ።»